የባለቀለም መስኮት ዋጋ ከመስመሩ ይጀምራል

የቤተ ክርስቲያንዎ ግድግዳ ቆሟል፤ ጣሪያው ለብሷል፤ ልስኑ ሊጀመር ነው። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ስለ መስኮቱ ለመነጋገር ተሰብስቧል። አንዱ «አዲስ አበባ ሥላሴ እንዳየነው ባለቀለም መስታወት ይሁንልን» ይላል። ሌላው ቀበል አድርጎ «ካሬው ስንት ነው?» ይላል። ወልቂጤም ይሁን ቡታጅራ፣ አዲስ ሕንፃ ባለበት ደብር ሁሉ ይህ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ገና ከጅምሩ አንድ ነገር ልንገርዎ። «ካሬው ስንት ነው?» ብሎ መነሣት አያዋጣም። የባለቀለም መስኮትን ዋጋ ከስፋቱ ይልቅ የቁራጮቹ ብዛት ይወስነዋል። የሐበሻ ቀሚስ በጨርቁ ሜትር ሳይሆን በጥልፉ ነው የሚወደደው፤ ይኼም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ የሚሰመረው ጥለት በጀትዎን ጭምር ይወስናል። ጥለት ስል ተደጋግሞ የሚመጣውን ቅርጽ ማለቴ ነው።

ለመሆኑ ስቴንድ ግላስ ምንድን ነው?

ስቴንድ ግላስ ከብዙ ባለቀለም የመስታወት ቁራጮች ተገጣጥሞ የሚሠራ መስኮት ነው። ጥሩው ዓይነት ላዩ ላይ ቀለም የተቀባ አይደለም። ቀለሙ መስታወቱ ሲቀልጥ አብሮት የገባ ነው። ኮባልት የተባለው ማዕድን ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ክሮምና ብረት አረንጓዴ፤ ማንጋኒዝ ሐምራዊ። ደማቅ ቀይ ግን አስቸጋሪ ነው። ከመዳብ፣ ከሴሌኒየም፣ አንዳንዴም ከወርቅ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ቀይ ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ ይወደዳል። ኮሚቴው «አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ይሁን» ካለ ቀዩን ቆጠብ ማድረግ ይበጃል።

ቁራጮቹ የሚያያዙት በእርሳስ ዘንግ ነው። የመጻፊያውን ሳይሆን ለስላሳውን ብረት ማለቴ ነው። ዘንጉ በግራና በቀኙ ቦይ አለው። መስታወቱ ቦዩ ውስጥ ይገባል፤ መገናኛዎቹ በካውያ ይበየዳሉ፤ ክፍተቱ በስቱኮ ይደፈናል።

የቅዱሳንን ሥዕል ማሠራት አይሻልም?

የቅድስት ሥላሴ ካቴድራል መስኮቶች የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ የሚያሳዩ ሥዕሎች አሏቸው። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ለአፍሪካ አዳራሽ የሠራው ደግሞ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ነው። አዳራሹ የተመረቀው በ1953 ዓ.ም. ሲሆን መስታወቱ ተሠርቶ የመጣው ከፈረንሳይ አገር ነው። ንድፉ የአፈወርቅ ቢሆንም መስታወቱን የቆረጠውና የገጣጠመው የዚያ አገር የባለሙያዎች ቤት ነበር።

ሥዕል ያለበት መስኮት እንዲህ ያለ ባለሙያ ይፈልጋል። የሰው ፊት መስታወት ላይ እንዲጸና ልዩ ቀለም ተቀብቶ ከ600 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሚግል ምድጃ ውስጥ መጠበስ አለበት። ሳይጠበስ የተቀባ ፊት ውሎ አድሮ ይላጣል። የተላጠ የቅዱስ ፊት ደግሞ ከባዶ መስኮት የከፋ ነው። የቅዱሳን ሥዕል የራሱ ሥርዓት ስላለው፣ ያንን ለሥዕል ባለሙያው መተውና ግድግዳው ላይ ማሣል ይሻላል ባይ ነኝ። መስኮቱ በጂኦሜትሪ ይሠራ፤ ማለትም በቀጥታ መስመር፣ በማዕዘንና በክብ። ይኼኛው ማስመሪያ፣ ኮምፓስና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው።

ጂኦሜትሪው ከእኛ ሥርዓት ጋር ይሄዳል?

እንዲያውም የቆየው የእኛ መስኮት እሱ ነው። የላሊበላዋ ቤተ ማርያም መስኮቶች ድንጋዩ በልዩ ልዩ የመስቀል ቅርጽ ተፈልፍሎ የተሠሩ ናቸው። መስታወት የላቸውም፤ ብርሃኑ በመስቀሉ ቀዳዳ ይገባል። በይምርሐነ ክርስቶስም መስኮቱም የእንጨት ጣሪያውም በጂኦሜትሪ ያጌጠ ነው። የብራና መጻሕፍቱን ሐረግም ያስቡ። ሐረግ የሚባለው በገጹ ራስጌና ዳር የሚጠላለፈው ጌጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ወስዶ መስመር ማውጣት ይቻላል። እኩል ክንድ ያለው መስቀል፣ ሁለት አራት ማዕዘን ተደራርበው የሚወጡት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ በክብ ውስጥ የገባ መስቀል፣ ማንኛቸውም ይሆናሉ። ኮከቡ ሲቀርብ «የመስጊድ አስመሰላችሁት» የሚል ቢነሣ አይደንግጡ። መሃሉ ላይ መስቀል ያግቡበትና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ይለፉ።

በየትኛው በኩል ያለው መስኮት ነው የሚጠቅመው?

ወልቂጤና ቡታጅራ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ናቸው። ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ትጠጋለች። በአውሮፓ ግን ፀሐይ አዘቅዝቃ ስለምትሄድ ብርሃኗ በጎን መስኮት ወደ ውስጥ ርቆ ይገባል። እኛ ዘንድ ስድስት ሰዓት ላይ ክፍክፉ ሰፊ ከሆነ የጎን መስኮት ቀጥታ ፀሐይ ብዙም አያገኝም። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉን በቀለም የምታለብሰው ጠዋት ከምሥራቅ፣ ማታ ከምዕራብ ነው።

የምሥራቁ መስኮት የመቅደሱ ነው። እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ላይ ብርሃኑን የሚያገኙት ካህናቱ ናቸው፤ ምእመኑ ከመጋረጃው ወዲህ ነው። ምዕራቡ ደግሞ በምእመኑ ጀርባ ነው። ግን በጾም ቀን ቅዳሴው ቀን ላይ ገብቶ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲጠጋ፣ ከምዕራቡ በር በላይ ያለው መስኮት ቀለሙን ከሕዝቡ ፊት ምንጣፉ ላይ ያወርዳል። ገንዘቡ ለአንድ ያማረ መስኮት ብቻ የሚበቃ ከሆነ እኔ እዚያ አደርገው ነበር። የደብሩ አስተዳዳሪ ሌላ ምክንያት ካላቸው የሳቸው ይቅደም።

ደቡቡ በበጋ፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ፀሐይ ያየዋል፤ ጠቆር ያለ ቀለም ይችላል። ሰሜኑ ፀሐይ የሚያገኘው ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ሲሆን የወቅቱ ግማሽ ዳመና ነው። ለሰሜን ነጣ ያለ ይመረጣል። በጠቅላላው የመስኮቱን ግማሽ ያህል ነጭ ወይም በጣም ፈዛዛ ያድርጉት። ሁሉም ከጠቆረ ቅኔ ማሕሌት የቆመው መሪጌታ ድጓውን ለማንበብ በጠራራ ፀሐይ መብራት ሊያበራ ነው።

ጥለቱ እንዴት ይወጣል?

በምሳሌ እንየው። መስኮቱ 96 ሳንቲ ሜትር በ192 ይሁን። ቁጥሩን የመረጥኩት ለሦስት ስለሚካፈል ነው። መስቀል ሲሰመር በሦስት የሚካፈል ልክ ሥራውን ያቀልላል።

ወርዱን ለሦስት ይክፈሉ፤ እያንዳንዱ 32 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቁመቱን ለስድስት ይክፈሉ፤ አሁንም 32 ይመጣል። 18 እኩል ክፍሎች አገኙ ማለት ነው። ከላይ ካሉት ዘጠኝ ክፍሎች መካከለኛውንና በአራቱም አቅጣጫ የሚያዋስኑትን አንድ ቀለም ያድርጉ። መስቀል ወጣ። አራቱ የማዕዘን ክፍሎች ነጭ ይሁኑ። የታችኞቹን ዘጠኝም እንደዚያው ያድርጉ። ሁለት መስቀሎች አንዱ በአንዱ ላይ ቆሙ። በመሃላቸው ጠንካራ የብረት ማቋረጫ ያስገቡ፤ መስኮቱ 96 በ96 ለሆኑ ሁለት ገበታዎች ይከፈላል። ለማንሣትም ለመጠገንም ይቀላል።

አሁን ሌላ ሰው መጥቶ «መስቀሉ ደቀቅ ደቀቅ ይበል» አለ እንበል። የክፍሉን ጎን 8 ሳንቲ ሜትር አደረገው። በወርዱ 12፣ በቁመቱ 24 ክፍል ይወጣል፤ በጠቅላላው 288 ቁራጭ። የመስኮቱ ስፋት ያው ነው፤ ቁራጩ ግን 16 እጥፍ ሆነ። የውስጥ መስመሩ በፊት 8 ሜትር ከ64 ነበር፤ አሁን 43 ሜትር ከ20 ደርሷል፤ ልክ አምስት እጥፍ። እያንዳንዱ ቁራጭ ይለካል፣ ይቆረጣል፣ ጠርዙ ይሞረዳል፣ ይገጠማል። የእጅ ዋጋ የሚባለው ይኼ ነው።

መካከለኛ መንገድም አለ። ትልቁን መስቀል እንዳለ ይተዉትና የመሃል ክፍሉን ብቻ ለዘጠኝ ይክፈሉት። በትልቁ መስቀል ልብ ውስጥ ትንሽ መስቀል ይወጣል። ለሁለቱም ገበታ 34 ቁራጭ፣ የውስጥ መስመሩም 11 ሜትር ከ20 ነው። ከሩቅ ሲያዩት ትልቁ ይታያል፤ ቀርበው ሲሳለሙ ትንሹን ያገኙታል። ለእኔ ከሦስቱ ያማረው ይኼ ነው።

ይኼ በብር ሲሆን ስንት ነው?

የመስታወት ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የዛሬውን ከነጋዴው ይጠይቁ። እኔ የማሳይዎ ስሌቱን ነው። ለስሌት እንዲመች የአንድ ቁራጭ የእጅ ዋጋ 100 ብር ነው እንበል። ሕንፃው 12 መስኮት አለው እንበል። ባለ 18 ቁራጩ ለሁሉም 21,600 ብር ይሆናል። ባለ 34ቱ 40,800። ባለ 288ቱ 345,600። የመስታወቱ ስፋት በሦስቱም አንድ ነው። አሁን «ካሬው ስንት?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደማይረዳ ሳይታይዎት አልቀረም። ለባለሙያው ሥዕሉን ይስጡትና «በዚህ ሥዕል፣ በዚህ ቁራጭ ብዛት፣ ገጠማውን ጨምሮ ስንት?» ይበሉት።

መስታወቱ ላይ ደግሞ ብክነት አለ። አራት ማዕዘን ብዙ አያባክንም፤ ከአሥር አንድ እጅ ትርፍ ይያዙ። ሦስት ማዕዘንና ክብ ሲበዛ ትርፉም ይጨምራል። ክብደቱንም ያስቡ። 4 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 10 ኪሎ ይመዝናል። የምሳሌያችን መስኮት መስታወቱ ብቻ 18 ኪሎ አካባቢ ነው።

በእርሳስ ነው በብረት የምናሠራው?

የእርሳሱን ሥራ የሚችል ሰው በየከተማው አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ድረስ መፈለግ አለበት። በደንብ የተሠራ የእርሳስ መስኮት መቶ ዓመት ሊያገለግል ይችላል። ነገር ግን እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ በራሱ አይቆምም። በየ40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትሩ አግድም የብረት ዘንግ ይታሰርለታል። እርሳስ መርዝ እንደሆነም አይርሱ። የሚሠራው ሰው እጁን ሳይታጠብ እንዳይበላ፤ ሥራውም ልጆች በሌሉበት ይሁን።

ብረቱ እዚያው ከተማ ውስጥ በያጅ ጋ ይሠራል። በያጆች ኤል፣ ቲ፣ ዜድ በሚሏቸው የብረት ዓይነቶች ፍርግርጉን ያወጣሉ፤ መስታወቱ በየክፍሉ ገብቶ በስቱኮ ወይም በሲልከን ይያዛል። ርካሽና ጠንካራ ነው። ችግሩ ብረቱ ወፍራም መሆኑ ነው። የብረቱ ፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ በ32 ሳንቲ ሜትሩ ጥለት ከስፋቱ 85 በመቶው ብርሃን ያሳልፋል። በ8 ሳንቲ ሜትሩ ግን 47 በመቶ ብቻ ይቀራል። ግማሹን መስኮት በብረት ደፈኑት ማለት ነው። ስለዚህ ብረት ከመረጡ ትልልቁን ጥለት ይያዙ፤ ደቃቁን የሚፈልግ እርሳስ ፍለጋ አዲስ አበባ ይሂድ።

የብረቱን ሥራ ሲያሠሩ ብየዳውና የአንቲረስት ቅቡ ከመስታወቱ በፊት ይለቅ። መስታወት ከገባ በኋላ ከተበየደ ፍንጣሪው መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲፍቁት ጉድጓድ ይተዋል።

ስቲከር ቢለጠፍስ?

ርካሽ ነው፤ ባንድ ቀን ያልቃል። ነገር ግን ፀሐይ ያፈዝዘዋል፤ ጫፉም በውኃ ይነሣል። ለቋሚ ሥራ አልመክርም። ለሙከራ ግን ጥሩ ነው። ቀለሙን ከመግዛትዎ በፊት በአንዱ መስኮት ልሙጥ መስታወት ላይ በሥዕሉ ልክ ቆርጠው ይለጥፉና ሁለት ሦስት እሑድ ይዩት። ጠዋት ያማረው ሰማያዊ በዳመና ቀን ጨለማ ሊሆንብዎ ይችላል። ያኔ ቀለም መቀየር ወጪው የስቲከር ብቻ ነው።

መስቀሉን ከአንድ መስታወት ቆርጦ ማውጣት አይቻልም?

በእጅ መቁረጫ አይቻልም። ድንጋይ ፈላጭ የፈለገውን ቅርጽ ያወጣል፤ መስታወት ግን የራሱ ጠባይ አለው። መቁረጫው ላዩን ብቻ ይጭረዋል፤ ከዚያ በእጅ ጫን ሲሉት በጭረቱ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ወደ ውስጥ የገባ ማዕዘን ላይ ሲደርስ አይታጠፍም፤ እስከ ዳር ይሄዳል። መስቀል ደግሞ አራት እንዲህ ያለ ማዕዘን አለው። ስለዚህ ከአምስት ቁራጭ ይሰበሰባል። ኮከቡም እንደዚያው፤ መሃሉ ባለ ስምንት ጎን ቁራጭ፣ ዙሪያው ስምንት ሦስት ማዕዘን፣ በጠቅላላው ዘጠኝ።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር ሥዕሉ ላይ ይፈትሹ። በጣም የሾለ ጫፍ ካለ ገጠማ ላይ ይሰበራል። ስድስት ሰባት መስመር ባንድ ነጥብ የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ መገናኛው ያብጣል፤ ውኃም የሚያስገባው በዚያ ነው።

ልኩ መቼ ይወሰድ?

ከልስኑ በኋላ። ከዚያ በፊት የተለካ መስኮት ሁለት ሳንቲ ሜትር ሲጎድል ወይም ሲተርፍ ይገኛል። እያንዳንዱን ክፍት ለብቻ ይለኩ፤ ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ ከዚያም ሁለቱን ሰያፍ። ሰያፎቹ እኩል ካልሆኑ ክፍቱ ጠሟል። «ሁሉም አንድ ናቸው» ብሎ አንዱን ለክቶ 12 የሚያዝ ሰው አይታጣም፤ አንድም ቀን አንድ ሆነው አያውቁም።

ከዚያ ሥዕሉ በሙሉ ልኩ ካርቶን ላይ ይወጣል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት ቦታ አለ። በሁለት መስታወቶች መሃል እርሳሱ ራሱ ቦታ ይይዛል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ። መስታወቱ ያንን ያህል አንሶ ካልተቆረጠ ትርፉ ይጠራቀማል። 12 ክፍል ባለው ወርድ 11 መስመር አለ፤ 22 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ገበታው ክፈፉ ውስጥ አልገባም ይላል፤ የተቆረጠውን እንደገና መሞረድ ሊመጣ ነው።

አየርስ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ባለቀለሙ ገበታ አይከፈትም። በዓል ሲሆን፣ ሕዝቡ ሲሞላ፣ ዕጣኑና ጧፉ ሲጨስ ቤቱ ይታፈናል። ከላይ ያለው ገበታ ቋሚ ባለቀለም፣ የታችኛው በልሙጥ መስታወት የሚከፈት ቢሆን ችግሩ ይቃለላል። ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

ገንዘቡን እንዴት እንሰብስብ?

ለሁሉም መስኮት ባንድ ጊዜ ገንዘብ አይጠብቁ። ጥለቱን አንድ ጊዜ ያጽድቁ፤ ክፍቶቹን በልሙጥ መስታወት ይዝጉና በየተራ ይቀይሩ። ለመስቀል ሰው ከአዲስ አበባም ከሌላውም ከተማ ወደ ጉራጌ ሲገባ አንድ የተጠናቀቀ መስኮት ማሳየት ከብዙ ንግግር ይበልጣል። አንድ የጽዋ ማኅበር አንዱን፣ አንድ ቤተሰብ ሌላውን ይወስዳል። የሰጪው ስም መስታወቱ ላይ ይጻፍ የሚል ይመጣል። እኔ በመዝገብ ቢጻፍ እመርጣለሁ። መስታወት ላይ ስም ከተጀመረ የስሙ መጠን ጠብ ያመጣል።

መስታወቱን ግን በየተራ አይግዙ። የዛሬው ሰማያዊ ከከርሞው ሰማያዊ ጋር አይገጥምም። አቅም ካለ ለሁሉም የሚበቃውን ቀለም ባንድ ጊዜ ይግዙና ዕቃ ቤት ያስቀምጡ። ከአዲስ አበባ ወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ቡታጅራ ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስታወት መኪና ላይ በጎኑ ቆሞ፣ በመሃሉ ካርቶን ገብቶ፣ በገመድ ተጠፍሮ ነው የሚመጣው። አስተኝተው ከጫኑት አንድ ጉድጓድ ይበቃዋል።

ከተገጠመ በኋላስ?

የዕጣንና የጧፍ ጥላሸት በለስላሳ ጨርቅና በንጹሕ ውኃ ይጠረጋል። አሸዋ፣ አሲድና የሽቦ መፈግፈጊያ አይንኩት። ኳስ በሚጫወቱ ልጆች በኩል ያለው መስኮት ከውጭ ወንፊት ሽቦ ይደረግለት። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምት ሳይገባ፣ አንድ ሰው መሰላል ይዞ ስቱኮው መሰንጠቁንና ብረቱ መዛጉን ይይ። የካርቶኑ ሥዕልና ከእያንዳንዱ ቀለም ጥቂት ትርፍ መስታወት ዕቃ ቤት ይቀመጡ፤ ካርቶኑ ጀርባ ላይም የየትኛው መስኮት እንደሆነ፣ የመስታወቱ ውፍረትና የተገዛበት ዓመተ ምሕረት ይጻፍ።